አማርኛ የተገለበጠ ቋንቋ ነው ወይ?

ጥያቄዋን በአጭሩ ላስቀምጠው። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የምትኖር እናት ናት። የ7 ዓመት ልጇ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ በሚሰጥበት ትምህርት ቤት ትማራለች። ልጅቷ ሰሞኑን «እማዬ፣ እኔ እፈልጋለሁ ውሃ» ማለት ጀምራለች። እናት ደንግጣ አስተማሪውን ብታነጋግረው፣ «አማርኛ እኮ ግሱን መጨረሻ ላይ የሚያመጣ የተገለበጠ ቋንቋ ነው። እንግሊዝኛው እስኪጸናላት ድረስ ቤት ውስጥ አማርኛውን ቀነስ አድርጉላት» አላት። «እውነት የእኛ ነው የተገለበጠው? ሌላው ዓለምስ እንዴት ነው የሚያወራው? ልጄን ምን ላድርጋት?» ብላ ጠይቃለች።

እህቴ፣ ጎረቤትሽ ነኝ፤ ኮዬ ፈጬ ነው የምኖረው። ቋንቋን ከቋንቋ ማወዳደር ደግሞ ሥራዬ ነው። ስለዚህ ዘለግ አድርጌ ብመልስልሽ አትሰልቺኝ። አማርኛውን ግን አትቀንሺባት። ይህንን አስቀድሜ ልበልሽና ወደ ምክንያቱ ልግባ።

አረፍተ ነገርን ስናወዳድር ሦስት ነገር እንይዛለን፤ ባለቤት፣ ተሳቢና ግስ። «ካሳ ዳቦ በላ» ካልን ካሳ ባለቤቱ፣ ዳቦ ተሳቢው፣ በላ ግሱ ነው። ሦስት ነገር በስድስት ዓይነት መንገድ ይደረደራል። ስድስቱም በዓለም ላይ አሉ። ማቲው ድራየር የተባለው የቋንቋ ምሁር ከየአህጉሩ 1376 ቋንቋዎችን አንድ በአንድ አይቶ መድቧቸዋል። እንደ አማርኛ ባለቤት፣ ተሳቢ፣ ግስ ብለው የሚሄዱት 564 ናቸው። እንደ እንግሊዝኛ ግሱን መሃል የሚያስገቡት 488። ግሱን አስቀድመው ባለቤቱን፣ ከዚያ ተሳቢውን የሚያስከትሉት፣ እንደ ዌልስኛ ያሉት ማለት ነው፣ 95። የቀሩት ሦስት ዓይነቶች 25፣ 11 እና 4 ቋንቋ ብቻ ነው ያላቸው። 189ኙ ደግሞ ይህ ነው የሚባል ቋሚ አደራደር የላቸውም።

እንግዲህ እዪው፤ ግሱን መጨረሻ የሚያደርገው ጎራ ከሁሉም ትልቁ ነው። በእርግጥ ይህ ቆጠራ ቋንቋን እንጂ ተናጋሪን አይቆጥርም። እንግሊዝኛ፣ ቻይንኛና ስፓኒሽ ሁሉም ግሱን መሃል ስለሚያስገቡ በሰው ብዛት ቢሆን ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። አስተማሪውም የሚያውቃቸው ትልልቅ ቋንቋዎች እነዚህ ሳይሆኑ አይቀሩም። ግን በጃፓን፣ በኮሪያ፣ በቱርክ፣ በሰሜን ህንድ ያለ አብዛኛው ልጅ እንደ እኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ነው የሚያመጣው።

ቱርክኛን ትንሽ ጠጋ ብለሽ ብታዪው ይገርምሻል። ቱርኮች «ኤክሜክ የዲ» ካሉ «ዳቦ በላ» ማለት ነው። «ኤክሜዪ የዲ» ካሉ ደግሞ «ዳቦውን በላ»። ልብ በይ፤ ዳቦው የታወቀ ዳቦ ሲሆን ብቻ ነው ቃሉ መጨረሻ ላይ ምልክት የሚጨመርበት። የእኛ «ን» የምትሠራው ይህንኑ ሥራ ነው። «ዳቦ በላ» እንላለን እንጂ «ዳቦን በላ» አንልም፤ ዳቦው ሲታወቅ ግን «ዳቦውን» እንላለን። ቱርክኛና አማርኛ ዝምድና የላቸውም። ይህን ምልክት አንዱ ከሌላው የተበደረበት ታሪክም የለም። ሁለት ቋንቋ ለየብቻው ተጉዞ አንድ ቦታ ላይ ሲገናኝ ሳይ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ቆይቼበትም ልቤ ይነካል።

ግሱ መጨረሻ ላይ ሲሆን «ን»ን የመሰለ ምልክት ለምን እንደሚያስፈልግ እድራችን ላይ የሆነውን ልንገርሽ። ባለፈው ስብሰባ ሊቀመንበሩ፣ ጋሼ ነው የምንላቸው፣ ተነሡና እንዲህ አሉ፦ «ባለፉት ሦስት ወራት መዋጮ ያልከፈሉትንና በለቅሶ ያልተገኙትን አባላት፣ የኑሮውን ውድነት ግምት ውስጥ በማስገባት፣ ለዚህ ጊዜ ብቻ...» ብለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ድንኳኑ ጸጥ አለ። ከጎኔ የተቀመጡት እናት ነጠላቸውን ጭብጥ አድርገው ይዘዋል። «...አንቀጣም» አሉ ጋሼ። ሁሉም ተነፈሰ።

«ያልከፈሉትን» ላይ ያለችው «ን» እነዚህ ሰዎች ላይ አንድ ነገር ሊደረግ እንደሆነ ቀድማ ነግራናለች። ምን እንደሚደረግ፣ ይደረግ አይደረግም፣ ያ ሁሉ ያለው ግሱ ውስጥ ነው። በእንግሊዝኛ ቢሆን «አንቀጣም» የሚለው ከፊት ይመጣና ዝርዝሩ ይከተላል። ግሱ እስኪመጣ ድረስ ማን ምን እንደሆነ ተናጋሪው ምልክት እያስቀመጠ መሄድ አለበት፤ አለበለዚያ ሰሚው ይጠፋል። ጆሴፍ ግሪንበርግ የሚባል አሜሪካዊ በ1963 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር 30 ቋንቋዎችን አወዳድሮ 45 ሕግጋት ጽፎ ነበር። ከእነሱ አንዱ ይኸው ነው፤ ግሱ ከባለቤትም ከተሳቢም በኋላ የሚመጣበት ቋንቋ እንዲህ ዓይነት ምልክት የሌለው ሆኖ አይገኝም ማለት ይቻላል።

ምልክቱ ካለ ደግሞ ቃላቱን እንደልብ ማንቀሳቀስ ይቻላል። «ውሻው ልጁን ነከሰው» ብትዪም «ልጁን ውሻው ነከሰው» ብትዪም የተነከሰው ልጁ ነው። እንግሊዝኛ ይህ ነፃነት የለውም። እዚያ ማን እንደነከሰ የሚታወቀው በቦታው ብቻ ነው። ቦታውን ካቀያየርሽ ውሻው ይነከሳል።

የድሮ መምህራኖቻችን ለዚህ መጨረሻ ላይ ለሚመጣው ግስ ያወጡለት ስም ደስ ይለኛል። ማሰሪያ አንቀጽ ይሉታል። ሸክሙን ሁሉ ሰብስቦ የሚያስር። ከማሰሪያው በፊት የሚመጡትን ደግሞ ቦዝ አንቀጽ ይሏቸዋል። «ገብቶ፣ ቁጭ ብሎ፣ ቡናውን ጠጥቶ ሄደ» ስንል ገብቶና ጠጥቶ ብቻቸውን አይቆሙም፤ «ሄደ» እስኪመጣ ይጠብቃሉ። ጃፓንኛም ቱርክኛም እንደዚህ ዓይነት ተጠባባቂ ግሶች አሏቸው።

ሌላው ነገር፣ ግሱ መጨረሻ ሲሆን ሌላውም ወደዚያው ያዘነብላል። በአማርኛ ዋናው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ከኋላ ነው። «ለፋሲካ ከሰንዳፋ የገዛሁት ትልቅ ጥቁር በግ» ብዬ ስጀምር በጉ የሚመጣው ከስንት ቃል በኋላ ነው። የማን፣ ከየት፣ ምን ዓይነት የሚለው ሁሉ ከፊት ተደርድሮ በጉን ይጠብቃል። እንግሊዝኛ እዚህ ላይ ቁርጥ ያለ አቋም የለውም፤ «ትልቅ ጥቁር» የሚለውን ከበጉ ፊት፣ «የገዛሁት» የሚለውን ከበጉ ኋላ ያደርጋል። ጀርመንኛ ደግሞ በዋናው ሐረግ ግሱን ሁለተኛ ቦታ ላይ፣ በጥገኛው ሐረግ መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ስለዚህ አስተማሪው ቀጥ ያለ ቋንቋ የሚለው የትኛውን እንደሆነ ብጠይቀው ደስ ይለኝ ነበር።

ፈጽሞ የማንጠብቀውም አለ። ግሪንበርግ በ1963 ተሳቢን ከባለቤት የሚያስቀድም ቋንቋ ወይ የለም ወይ እጅግ ብርቅ ነው ብሎ ነበር። በ1977 ዴዝመንድ ደርቢሻየር የሚባል ሰው በብራዚል አማዞን ጫካ ውስጥ ስለሚነገረው ሂሽካርያና ስለሚባል ቋንቋ ጻፈ። በዚያ ቋንቋ «ጃጓሩ ሰውየውን ያዘው» ለማለት ቃላቱ የሚደረደሩት ሰው፣ ያዘው፣ ጃጓር ተብሎ ነው። የእኛ ጆሮ ሰውየው ጃጓሩን የያዘው ይመስለዋል። ለእነሱ ግን ግልጽ ነው፤ ልጆቻቸውም ያለ ምንም ችግር ይለምዱታል። ማዳጋስካር ላይ ደግሞ «ማማኪ ቡኪ ኒ ምፒያናትራ» ይላሉ፤ ያነባል፣ መጽሐፍ፣ ተማሪው። እዚያ ባለቤቱ ነው መጨረሻ የሚመጣው።

ተገለበጠ የሚለው ቃል ግን አንድ ቦታ ላይ እውነት አለው። አስተማሪው ባሰበው መንገድ ሳይሆን በታሪክ።

ቅዳሴ የምትሄጂ ከሆነ ግዕዙን ሰምተሽዋል። የኦሪት ዘፍጥረት መጀመሪያ እንዲህ ይላል፦ «በቀዳሚ ገብረ እግዚአብሔር ሰማየ ወምድረ»። ገብረ ማለት አደረገ፣ ፈጠረ ነው። ግሱ ከእግዚአብሔር ስም በፊት ነው የመጣው፤ ሰማይና ምድር ከኋላ ተከተሉ። አማርኛው ደግሞ «በመጀመሪያ እግዚአብሔር ሰማይንና ምድርን ፈጠረ» ይላል። ግሱ ከፊት ተነሥቶ መጨረሻ ላይ ተቀመጠ። ዕብራይስጡም «በሬሺት ባራ ኤሎሂም» ነው የሚለው፤ ባራ፣ ፈጠረ፣ ከፊት ነው። የቁርኣኑ ዓረብኛም ግስ ማስቀደም ይወዳል። ግዕዝ ቃላቱን በነፃነት የሚያንቀሳቅስ ቋንቋ ቢሆንም የተለመደው መንገዱ ይህ ነው። አማርኛ ከግዕዝ በቀጥታ ተወለደ ወይስ የእህት ልጁ ነው የሚለውን ክርክር ለጊዜው እንተወው። ከድሮዎቹ ሴማውያን ቋንቋዎች ብዙዎቹ ግሱን ያስቀድማሉ፤ አማርኛና ትግርኛ ግን ወደ መጨረሻ አምጥተውታል።

ምን አመጣው? ጎረቤት። ቮልፍ ሌስላው በ1945፣ ቻርልስ ፈርጉሰን በ1976 ባወጧቸው ጽሑፎች ይህንን በሰፊው አሳይተዋል፤ ዛሬም አብዛኛው አጥኚ የሚቀበለው ነው። የኩሽ ቋንቋዎች፣ አገውኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሲዳምኛ፣ ሶማሊኛ፣ ግሱን መጨረሻ ያደርጋሉ። ሴማዊ ተናጋሪውና ኩሽ ተናጋሪው በአንድ ገበያ ሲገበያይ፣ ሲጋባ፣ ልጆቹ ሁለቱንም ቋንቋ ሲናገሩ፣ አደራደሩ አለፈ። ቃሉ ሴማዊ ሆኖ አገነባቡ የኩሽ ሆነ ማለት ይቻላል። በተለይ አገውኛ ቅጽሉንም («ቀይ» የመሰለውን)፣ ባለንብረቱንም («የካሳ» የመሰለውን) ከስሙ ስለሚያስቀድም አማርኛን በብዙ ነገር ይመስለዋል።

ይህንን ለማየት ቤተ መጻሕፍት መግባት አያስፈልግሽም። ራሱ «ቤተ መጻሕፍት» የሚለው ቃል ይበቃሻል። ቤት ከፊት፣ መጻሕፍት ከኋላ፤ ይህ የግዕዝ አደራደር ነው። ቤተ መንግሥት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ርዕሰ መስተዳድር፣ «አረፍተ ነገር» ራሱ እንደዚያው ነው። አማርኛ በራሱ መንገድ ሲሠራ ግን «ትምህርት ቤት»፣ «ምግብ ቤት»፣ «ቡና ቤት» ይላል፤ ቤቱ ከኋላ። አፋችን የግዕዙን ቃል እንኳ ወደ ራሱ መንገድ ይጎትተዋል። ግዕዙ ሲያበዛ የመጀመሪያውን ቃል ለውጦ «አብያተ ክርስቲያናት» ይላል። ሰው በወሬ መሃል ግን «ቤተ ክርስቲያኖች» ነው የሚለው፤ ማብዣው መጨረሻ ላይ ይለጠፋል።

አሁን ከቤትሽ ወጥተሽ የትምህርት ቤት ታፔላ እዪ። የእኛ አካባቢ ታፔላ አብዛኛው በኦሮምኛም በአማርኛም የተጻፈ ነው። ኦሮምኛው «መነ በሩምሳ» ይላል። መነ ቤት ነው፣ በሩምሳ ትምህርት። ቤት፣ ትምህርት። አማርኛው «ትምህርት ቤት»። አንድ ሰሌዳ ላይ፣ አንዱ ከሌላው በታች፣ ትይዩ ሆነው ይቆማሉ። የሰፈርሽ ስም ራሱ እንደዚሁ ነው። የታክሲ ረዳቱ ጠዋት ጠዋት «ቱሉ ዲምቱ!» እያለ ሲጣራ፣ ቱሉ ኮረብታ ነው፣ ዲምቱ ቀይ። ኮረብታ ቀይ። እኛ ብናወጣው ኖሮ «ቀይ ኮረብታ» እንለው ነበር።

እዚህ ላይ ቆም በይልኝ። ኦሮምኛ ግሱን እንደ አማርኛ መጨረሻ ያደርጋል፤ «ቶላን ቡዴነ ኛቴ»፣ ቶላ እንጀራ በላ። ቅጽሉንና ባለንብረቱን ግን እንደ ግዕዝ ከስሙ ኋላ ያደርጋል። ምልክቱንም ባለቤቱ ላይ ነው የሚያደርገው፤ «ቶላን» ላይ ያለችው «ን» በላተኛው እሱ ነው ትላለች እንጂ ተበላ አትልም። አንድ ታክሲ ውስጥ ተሳፍረው የሚሄዱ ሁለት ቋንቋዎች፣ አንዲት «ን» በአንዱ ለባለቤት በሌላው ለተሳቢ። ለተማሪዎቼ ስለ ዓለም ቋንቋዎች ልዩነት ሳስተምር መጀመሪያ የምወስዳቸው ወደ አማዞን ሳይሆን ወደዚህ ታፔላ ነው።

አማርኛም የተጓዘውን መንገድ አልጨረሰም። ግሱ መጨረሻ የሆነ ቋንቋ «በ»፣ «ለ»፣ «ከ» የመሳሰሉትን ከስሙ ኋላ ማድረግ ይቀናዋል። ጃፓንኛም ቱርክኛም እንደዚያ ናቸው። አማርኛ ግን የድሮዎቹን ከፊት አስቀርቶ አዳዲሶቹን ከኋላ ጨመረ። «ከአልጋው ስር»፣ «በሳጥኑ ውስጥ»፣ «ከቤቱ ኋላ»። ስሙ ከሁለት ወገን ተይዟል። ቤቱን አድሶ የድሮውን በር እንዳለ የተወ ሰው ይመስላል፤ በሁለቱም በር ይገባል።

አንድ ጥናት ደግሞ ልጨምርልሽ፤ ይህኛው ለአስተማሪውም ይጠቅመዋል። በ2008 ሱዛን ጎልዲን-ሜዶውና ባልደረቦቿ የእንግሊዝኛ፣ የቻይንኛ፣ የስፓኒሽና የቱርክኛ ተናጋሪዎችን አንድ ድርጊት አሳይተው፣ ሳትናገሩ በእጃችሁ ብቻ ግለጹት አሏቸው። በአፋቸው ግሱን መሃል የሚያስገቡት ሳይቀሩ በእጃቸው ሲያሳዩ አብዛኛውን ጊዜ አድራጊውን፣ ከዚያ የሚደረግበትን፣ ድርጊቱን መጨረሻ አደረጉት። በኔጌቭ በረሃ አል-ሰይድ በሚባል የበደዊን መንደር መስማት የተሳናቸው ሰዎች ከራሳቸው የፈጠሩት የምልክት ቋንቋም አለ። በዙሪያቸው የሚነገሩት ዓረብኛና ዕብራይስጥ እንደዚያ ባይሆኑም የእነሱ ምልክት ግሱን መጨረሻ ያደርጋል። የአማርኛ ቅደም ተከተል ከሌላው ይበልጣል እያልኩ አይደለም። ለሰው አእምሮ እንግዳ አለመሆኑን ግን ያሳያል።

ወደ ልጅሽ ልመለስ። «እኔ እፈልጋለሁ ውሃ» ስትል አእምሮዋ ተምታታ ብለሽ አትፍሪ። ሁለት ቋንቋ የያዘች ልጅ የአንዱን አደራደር ለጊዜው በሌላው ላይ ትሞክራለች። ሁለት ቋንቋ የያዙ አያቶች በአማርኛ ላይ ያደረጉትም ይህንኑ ነው። አንቺም ብትሆኚ ቃሉን ከግሱ በኋላ ታመጪዋለሽ፤ «መጣ እንዴ ልጁ?»፣ «አምጪው እስቲ ያንን ሳህን» አትዪም? አማርኛ ይህንን በር ዘግቶት አያውቅም። ልጅሽ ሰፋ አድርጋ ከፈተችው እንጂ። ቤት ውስጥ የሚያናግራት ካለ በጊዜዋ ሁለቱን ትለያቸዋለች። አማርኛው ከተቀነሰ ግን የምትለይበትን ነው የምታጣው።

የጎረቤቴን የ8 ዓመት ልጅ አንድ ቅዳሜ በወረቀት ቁራጭ አጫውቼው ነበር፤ አንቺም ሞክሪው። ሦስት ወረቀት ላይ «ድመቷ»፣ «አይጧን»፣ «በላቻት» ብዬ ጻፍኩለት። ደረደራቸው። ሁለቱን የፊት ወረቀቶች አቀያይር አልኩት። «አይጧን ድመቷ በላቻት» ሆነ። «ያው ነው!» አለኝ። ከዚያ በእንግሊዝኛ «ዘ ካት»፣ «ኤት»፣ «ዘ ራት» ብዬ ጻፍኩለትና ሁለቱን ዳርና ዳር ያሉትን ቀይር አልኩት። ቀየረ፣ አነበበው፣ ዓይኑ ፈጠጠ። «እንዴ! አይጧ ድመቷን በላቻት!» ብሎ ጮኸ። ወረቀቶቹን ይዞ ለእናቱ ሊያሳይ እየሮጠ ወጣ።

ልጅሽን «እንደዚህ አይባልም» ብለሽ አታሳፍሪያት፣ ሌላ ሰው ፊትም አታስደግሚያት። «እኔ እፈልጋለሁ ውሃ» ስትልሽ መጀመሪያ ውሃውን ቅጂላት። ብርጭቆውን እየሰጠሻት «ውሃ ፈልገሽ ነው? እንቺ፣ ውሃሽን ጠጪ» በያት።